ለአንድ ልብስ ስንት ወረቀት? በቤታችን የልጆች ልብስ ከምንሰፋ ሰዎች የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የንግድ ምዝገባና የምርት ደህንነት ቁጥጥር ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በቤታችን የልጆች ልብስ እየሰፋን የምንተዳደር ሰዎች ነን። አብዛኞቻችን ሴቶች ነን። አብዛኞቻችንም ልጅ እያሳደግን ነው የምንሰፋው። አንዳንዶቻችን ያለን አንድ የስፌት መኪና ብቻ ነው። አንዳንዶቻችን የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚሰፋ ኦቨርሎክ የሚባል መኪና ጨምረናል። ከመካከላችን ሰፋ አድርጋ የምትሠራው እህቷን ቀጥራ የምታሠራ አንዲት ሴት ናት።

እንድንጽፍ ያደረገን በቅርቡ ያወጣችሁት መመሪያ ነው። መመሪያው ሁለት ነገር ያዛል። የልጆች ልብስ የሚያመርት ሰው ሁሉ ከመኖሪያ ቤቱ የተለየ የሥራ ቦታ ይኑረው ይላል። እያንዳንዱ «የምርት ዓይነት» ደግሞ በላቦራቶሪ ተመርምሮ የምስክር ወረቀት ይቅረብበት ይላል። መመሪያው ከወጣ ጀምሮ ደውለናል። በአካል መጥተናል። ማመልከቻ አስገብተናል። «መመሪያው ለሁሉም እኩል ነው» ከሚል በቀር መልስ አላገኘንም። ስለዚህ በአደባባይ ጻፍን። ልብሳችንን የሚገዙ ወላጆችም ያንብቡት።

አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። ቁጥጥር ይቅርልን እያልን አይደለም። የልጅ ልብስ እንደ አዋቂ ልብስ እንዳልሆነ ስንሰፋም ስናለብስም የምናየው ነው። ከሹራብ ኮፍያ ላይ የሚንጠለጠል ገመድ መንሸራተቻ ላይ ተይዞ ልጅ ሊያንቅ ይችላል። ኢኤን 14682 የሚባለው የአውሮፓ ደረጃ ከ7 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በኮፍያና በአንገት አካባቢ የሚሳብ ገመድ እንዳይገባ የሚከለክለው ለዚህ ነው። የላላ ቁልፍ ተነቅሎ ሕፃን አፍ ይገባል። ሰፊና ለስላሳ ጸጉር ያለው የጥጥ ፒጃማ በእሳት ቶሎ ይያያዛል። ለዚህም ነው ፒጃማ ከሰውነት ጠጋ ብሎ እንዲሰፋ የሚመከረው።

የመርፌውን ነገር ደግሞ እንንገራችሁ። በቡድናችን መርፌ የሰበረች ሴት ስባሪውን በሙሉ ፈልጋ ትሰበስባለች። ገጣጥማ ሙሉ መርፌ መሆኑን ታያለች። ከዚያ ደብተር ላይ በፕላስተር ትለጥፈውና ቀኑን ትጽፋለች። አንዲት ስባሪ ከጎደለች ያ ልብስ አይሸጥም። ይህን ያዘዘን መሥሪያ ቤት የለም። ልጆቻችን ራሳቸው የሚለብሱት ልብስ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ቅሬታችን ደህንነት ላይ አይደለም። መመሪያው በፋብሪካ ልክ የተቀደደ ነው። እኛ ላይ አይሆንም።

የመጀመሪያውና ከባዱ ችግር «የምርት ዓይነት» የሚለው ቃል ነው። እናንተ የምትቆጥሩት በዲዛይን፣ በቀለምና በመጠን ነው። የልጅ ልብስ መጠን ደግሞ ብዙ ነው። ልጁ በቁመቱ በሚለካበት አሠራር ከ56 ሴንቲ ሜትር ይጀምርና 62፣ 68፣ 74፣ 80 እያለ በየ6 ሴንቲ ሜትሩ ይቀጥላል። አንዲት አባላችን አንድ ዓይነት ቀሚስ በ6 መጠንና በ4 ቀለም ሰፋች። ጨርቁ አንድ ዓይነት ጥጥ ነው። ቁልፉ አንድ ነው። ላስቲኩ አንድ ነው። በእናንተ አቆጣጠር ግን 24 የምርት ዓይነት ሆነባት። 24 ናሙና፣ 24 ክፍያ፣ 24 ወረቀት። ለምርመራ የሚሰጥ ናሙና ተቆርጦ እዚያው ይቀራል፤ አይመለስም። በዚያ ወቅት የሰፋችው በጠቅላላ 30 ቀሚስ ነበር። ለሽያጭ የሚተርፋት 6 ነው ማለት ነው።

ቀለም ለውጥ ያመጣል ከተባለ እሺ፣ 4ቱም ቀለም ይመርመር። ማቅለሚያው ሊለያይ ይችላል። መጠኑ ግን ምን ይለውጣል? ለ86 ሴንቲ ሜትር ልጅ በተሰፋ ቀሚስ ላይ ያልነበረ መርዝ 92ቱ ላይ ከየት ይመጣል? ከአንድ ጥቅል ጨርቅ ተቀድደው፣ በአንድ ክር ተሰፍተው፣ በአንድ ቀን የወጡ ልብሶች ናቸው። ይህን ጥያቄ ለሦስት የተለያዩ ባለሙያዎች አቅርበናል። ሦስቱም ቅጹ እንዲያ ስለሚል ነው አሉን።

ፋብሪካ አንዱን ዲዛይን በ10 ሺህ ሲያመርት የምርመራው ወጪ ለ10 ሺህ ልብስ ይካፈላል። በአንዱ ልብስ ላይ የሚያርፈው ከቁልፍ ዋጋ አይበልጥም። እኛ ጋ ወጪው በሙሉ በ5 ልብስ ወይም በ1 ልብስ ላይ ይወድቃል። «ለሁሉም እኩል ነው» የተባለው መመሪያ በተግባር እንዲህ ነው የሚመዝነው።

በ1 ልብስ ላይ ስንል አጋነንን እንዳትሉን። ከሥራችን ትልቁ ክፍል እሱ ነውና እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱን።

አንዲት እናት ወደ አባላችን መጣች። ሕፃኗ የዳሌው መጋጠሚያ ቦታውን እንዲይዝ ሁለት እግሮቹን ከፍቶ የሚይዝ ማሰሪያ ታስሮለታል። ማሰሪያው ቀንና ሌሊት አይፈታም። ሱቅ ውስጥ ያለ ሱሪ ሁሉ አይገባም፤ እግሩ ተከፍቶ ነዋ ያለው። እናትየዋ ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ነበር የምትወጣው። አባላችን ማሰሪያውን ከላይ ለካች። በሁለቱም እግር ውስጥ ለውስጥ ከታች እስከ ላይ በቁልፍ የሚከፈት፣ መቀመጫው ላይ ሰፋ ያለ ልብስ ቀደደች። ስፌቱ ማሰሪያው ቆዳን በሚነካበት ቦታ እንዳያርፍ ሁለቴ አፈረሰችው። ሁለት ምሽት ፈጀባት። ልብሱ ሆነ። እናትየዋ ሌላ ሁለት እንድትሰፋላት ጠየቀች።

በመካከሉ መመሪያው ወጣ። አባላችን ሁለተኛውን ትእዛዝ መለሰችው። ያ ልብስ አዲስ ዲዛይን ነው፤ ስለዚህ የራሱ ምርመራ ያስፈልገዋል። ለምርመራ አንድ ተጨማሪ ልብስ ሰፍታ መስጠት አለባት። የምርመራው ክፍያ ደግሞ ከልብሱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህን ለእናትየዋ ጫነችባት ወይስ ከኪሷ ከፈለች? ሁለቱንም አልቻለችም።

ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የምትሰፋ አባልም አለችን። ከ56 በታች የሆነ ልብስ ብዙ ቦታ አይገኝም። እሷ የምትሰፋው ለ44 እና ለ50 ሴንቲ ሜትር ሕፃን ነው። ልብሱ በጭንቅላት የሚጠለቅ አይደለም። የሕክምና ቱቦና ገመድ ያለበትን ሕፃን ሳያነሱ ለማልበስ ፊት ለፊት ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። በዓመት ቢበዛ 40 ያህል ትሰፋለች። እያንዳንዱ እንደ ሕፃኑ ሁኔታ ይለያያል። በመመሪያው መሠረት 40 የምርት ዓይነት አላት። ከብዙ ፋብሪካ ትበልጣለች።

ፋብሪካ እንዲህ ያለ ልብስ አይሰፋም። አያዋጣውም፤ አንወቅሰውም። የሚሰፉት እንደ እኛ ያሉ ሰዎች ናቸው። መመሪያው በደንብ የያዘው ደግሞ እነሱን ነው።

ይህ ችግር በእኛ አልተጀመረም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 የልጆችን ምርት የሚመለከት ጠንካራ የደህንነት ሕግ አወጣች። ሕጉ የወጣው በበቂ ምክንያት ነበር፤ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት በመጫወቻዎች ላይ በመገኘቱ ነው። ነገር ግን ቤታቸው ውስጥ የሚሰፉ ሰዎችም አብረው ተያዙ፤ ጮኹ። በ2009 የቁጥጥር ኮሚሽኑ ተራ ጨርቅና ክር ከእርሳስ ምርመራ ነፃ እንዲሆን ወሰነ፤ ጥጥ ውስጥ ያ ብረት ከተፈቀደው በላይ እንደማይገኝ ስለታወቀ ነው። ቁልፍና ዚፕን በተመለከተ ቁልፉን የሠራው ፋብሪካ አንዴ ካስመረመረ ልብስ ሰፊው ያንን ወረቀት መጠቀም ይችላል ተባለ። በ2011 ሕጉ ሲሻሻል ደግሞ አነስተኛ አምራቾች ተመዝግበው ከአንዳንድ የውጭ ላቦራቶሪ ምርመራዎች እፎይ እንዲሉ መንገድ ተከፈተ። ከመስፈርቶቹ አንዱ አንዱን ምርት በዓመት ከ7,500 በላይ አለማምረት ነው። ልብ በሉ፣ የደህንነት ግዴታው አልተነሳላቸውም። ልብሱ አደገኛ ከሆነ ይጠየቃሉ። የቀለለላቸው የማረጋገጫው መንገድ ነው። 7,500! ከመካከላችን በሕይወት ዘመኗ ይህን ያህል አንድ ዓይነት ልብስ የሰፋች ሴት መኖሯን እንጃ።

ሁለተኛው ቅሬታ ቤታችን ነው። የተለየ የሥራ ቦታ ተከራዩ ተባልን። የቤት ኪራይ ከፍለን የሥራ ቦታ ኪራይ ስንጨምር ከልብሱ የሚተርፍ ነገር የለም። ግን ገንዘቡን እንኳ እንተወው። ቤታችን ውስጥ የምንሰፋው ሥራውና ልጆቻችን አንድ ቦታ እንዲሆኑ ነው። ሕፃኑ ሲተኛ ይቀደዳል። ትልቁ ትምህርት ቤት ሲሄድ ይሰፋል። ማታ ሁሉም ሲተኛ ቁልፍ ይተከላል፣ ይተኮሳል። በ20 ደቂቃ በ20 ደቂቃ የተጠራቀመ የሥራ ቀን ነው። ሥራውን ከቤት አውጡት ማለት ለብዙዎቻችን ተዉት ማለት ነው።

አንድ ኃላፊ «ቤት ውስጥ ንጽሕና አይጠበቅም» ብለውናል። ይህ የሚታይ ነገር ነው፤ መጥታችሁ እዩ። የተቀደደ ጨርቅ ክዳን ባለው ሣጥን ነው የሚቀመጠው። በዚያ ክፍል ሲጋራ አይጨስም። ስፒል የሚቀመጠው ማግኔት ላይ ነው፤ ሲጀመርም ሲጨረስም ይቆጠራል። ጥጥ ከመቀደዱ በፊት ይታጠባል። ይህን የምናደርገው ልብሱ ወላጅ ቤት ሄዶ ሲታጠብ እንዳያጥርና እንዳይጠብ ነው፤ ግን ከጨርቅ ቤት የመጣውን አቧራና የተረፈ ቀለምም ያስለቅቃል። ይህን የማታሟላ ካለች ቀነ ገደብ ስጧትና ታስተካክል። ቤት ስለሆነ ብቻ መከልከል ግን ምንም ሳያዩ መፍረድ ነው።

እንደ እኛ ያለው ሰው ጥቂት እንዳይመስላችሁ። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት ከኮሮና ወረርሽኝ በፊት፣ በ2019፣ በዓለም ላይ 260 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቤታቸው ይሠሩ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው። ድርጅቱ ለአሠሪ በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎችን መብት የሚመለከት ስምምነት ያጸደቀው ገና በ1996 ነው፤ ቁጥሩ 177 ነው። ቤት እንደ ሥራ ቦታ ከታወቀ ቆይቷል ማለታችን ነው።

እዚህ ላይ ግራ የገባንን አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። አንዲት አባላችን ቀደም ሲል ለአንድ ልብስ ፋብሪካ በቁራጭ ሒሳብ ትሰፋ ነበር። የተቀደደውን አምጥተው ይጥሉላታል። የልጆች ሸሚዝ ኮሌታና እጅጌ ትገጥማለች። ሲያልቅ ይወስዱታል። በዚያው ክፍል፣ በዚያው ጠረጴዛ፣ በዚያው መኪና ነው። ያኔ የት እንደምትሰፋ የጠየቃት የለም። የምስክር ወረቀቱ በፋብሪካው ስም ነበርና ሸሚዙ ሕጋዊ ነበር። ዛሬ የራሷን ሸሚዝ በራሷ ስም ስትሰፋ ክፍሉ ለልጆች ልብስ አይመጥንም ተባለች። ክፍሉ አልተለወጠም። እጇም አልተለወጠም። የተለወጠው የባለቤቱ ስም ብቻ ነው። ለዚህ መልስ ብታገኝ ደስ ይላታል፤ እኛም።

ሦስተኛው የፍተሻው አኳኋን ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተቆጣጣሪዎች ሳይነግሩ አንዲት አባላችን ቤት መጡ። ተሰፍተው ያለቁ የደንብ ልብሶችን «ለማስረጃ» ብለው ወሰዱ። ደረሰኝ አልሰጧትም። ስንት እንደወሰዱ የተጻፈ ነገር የለም። ወላጆች ቀብድ ከፍለው ነበር። አብዛኛውን ተበድራ መለሰች። ልብሶቹ እስከ ዛሬ አልተመለሱም፤ የት እንዳሉ የሚነግራትም አላገኘችም። ቤት የሥራ ቦታ ነው ካልን ፍተሻ መኖሩን እንቀበላለን። ግን ያ ቤት መኝታ ቤትም ነው። ሕፃን ይተኛበታል። ቀን ተቆርጦ፣ መታወቂያ ታይቶ፣ የተወሰደው ተቆጥሮና ተፈርሞበት ሊሆን ይገባል።

የምዝገባ ቅጹንም እንጥቀስ፤ በአጭሩ። የፋብሪካውን ስፋት በካሬ ሜትር፣ የፈረቃ ብዛትና የምርት ክፍል ኃላፊውን ስም ይጠይቃል። ብቻዋን የምትሠራ ሴት ሦስቱንም ባዶ ስትተው ኮምፒውተሩ አይቀበልም። የሌለ ፈረቃ ስትሞላ ደግሞ ሐሰተኛ መረጃ ሰጠች ተብላ ትቀጣለች። ሁለቱም ደርሶብናል።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ምርመራው በዲዛይንና በመጠን መቆጠሩ ቀርቶ በዕቃው ይቆጠር። ጨርቁ፣ ቁልፉ፣ ዚፑ፣ ላስቲኩ አንዴ ከተመረመረ በዚያ ዕቃ የተሰፋ ሁሉ ተመርምሯል ይባል። አምራቹ ወይም አስመጪው ያስመረመረበት ወረቀት ካለ ከእኛ ይቀበሉን። የትኛው ልብስ ከየትኛው ጥቅል ጨርቅ እንደተቀደደ በደብተር እንይዛለን፤ ብዙዎቻችን አሁንም እንይዛለን።

የተወሰነ ቁጥር ወስኑ። ከዚያ በታች የሚሰፋ ሰው በውጭ ላቦራቶሪ ፋንታ እናንተ ባዘጋጃችሁት የመፈተሻ ዝርዝር ራሱ ይፈትሽና ይፈርምበት። የገመድ ርዝመት በሜትር ይለካል። ሕፃን የሚውጠው ትንሽ ነገር የሚለይበት መሣሪያ 31.7 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ሲሊንደር ነው፤ ውድ ዕቃ አይደለም። የቁልፍ ጥንካሬም በሚስብ ሚዛን ይፈተናል። ሥልጠና ስጡን፣ እንማራለን። ለአንድ የታወቀ ልጅ በልኩ የሚሰፋ ልብስ በተለይም ለታመመ ወይም አካል ጉዳት ላለበት ልጅ የሚሰፋው የራሱ አንቀጽ ይኑረው።

ቤት ውስጥ መስፋት ይፈቀድ። ክፍሉ ምን ማሟላት እንዳለበት ጻፉና በዚያ ፈትሹን። ፍተሻ ሲመጣ በቅድሚያ ይነገረን፤ ለሚወሰድ ዕቃም ደረሰኝ ይሰጠን። የአባላችን የደንብ ልብሶች የት እንዳሉ ተፈልጎ ይነገራት፤ ካሉ ይመለሱላት፤ ከሌሉ ይከፈላት። ብቻቸውን ለሚሠሩ ሰዎች አንድ ገጽ ቅጽ ይዘጋጅ።

ይህ ሁሉ እስኪታይ ድረስ የመመሪያው የመጨረሻ ቀን ይራዘም። በዚህ መሀል የሚዘጋ ሰው አይኑር።

ለውይይት ብትጠሩን አምስት ሰው ልንልክ እንችላለን። የመርፌ ደብተሮቻችንን፣ የጨርቅ መዝገባችንንና ለዚያ ሕፃን የተሰፋውን ልብስ ቅድ ይዘን እንመጣለን። ስብሰባው ልጆች ከትምህርት ቤት ከመውጣታቸው በፊት የሚያልቅ ቢሆን ሁላችንም እንገኛለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በቤታቸው የልጆች ልብስ የሚሰፉ ሰዎች ቡድን ተወካይ
(ልብስ ሰፊ፣ የሁለት ልጆች እናት)